አበባውን የገዛ ምን ገዛ?



ባለፈው ጁሙዓ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት መስጂዱ በር ላይ ጠብቆ ያዘን። ሞባይል ይሸጣል፤ ሱቁን እናውቀዋለን። «ኡስታዝ፣ ገጠር አንድ ገበሬ ጋ የ200 እግር ቡና አበባ ገዝቻለሁ። ብሩን ቆጥሬ ሰጥቻለሁ፣ ምስክር አለ፣ ወረቀት አለ። ሲደርስ ለቅሜ እሸጣለሁ። ችግር የለውም አይደል?» አለን። ፊቱን ስናየው «ችግር የለውም» እንድንለው ብቻ ነበር የመጣው።

አበባ መግዛትን ቡና አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ገበሬው እህሉ ያልቅበታል፣ ልጅ ይታመምበታል፣ የትምህርት ቤት ወጪ ይመጣበታል፤ ቡናው ግን ገና ብዙ ወር ይቀረዋል። ገንዘብ ያለው ሰው ይመጣና ዛፉ ላይ ያለውን አበባ በርካሽ ይገዛዋል። ሲደርስ ፍሬው የገዢው ነው። ድሮ ይህን የሚያደርገው የመንደር አበዳሪ ነበር። አሁን ከተማ ውስጥ ትንሽ ብር የቋጠሩ ወንድሞቻችን ገብተውበታል፤ ስሙንም «ኢንቨስትመንት» ብለውታል። ለዚህ ነው ዛሬ መጻፍ ያስፈለገን።

እኛም ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለንም። ደረሳ ሳለን፣ ኪታብ በምንቀራበት መንደር እንዲህ ያለ ውል ሲፈጸም አጠገብ ተቀምጠን ቡናውን ጠጥተን፣ «አላህ በረካ ያድርግላችሁ» ብለን ተነስተናል። ሻጩ እንደ አጎት የምናያቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጃቸው ታሞ ተኝቶ ነበር። ጥቅምት ላይ የልብስ መግዣ ልናገኝ ለቀማ ስንወጣ እሳቸውን እዚያው ማሳ ውስጥ አገኘናቸው። ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው፣ በገዛ ዛፋቸው ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነው ይለቅማሉ። የእሸቱ ዋጋ በዚያን ጊዜ ውሉ ላይ ከታሰበው እጥፍ ደርሶ ነበር። ምንም አላማረሩም። «ኑ ልጆቼ፣ ከዚህ ጀምሩ፤ ቀይ ቀዩን ብቻ» አሉን። ይህ ቃላቸው እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም።

አረቢካ የሚባለው ቡና ከዱር የተገኘው ከኛው ደቡብ ምዕራብ ደን ነው፤ ከከፋ፣ ከጅማ፣ ከኢሉ አባቦር፣ ከሸካ። ባሕር ተሻግሮ የመን ሲገባ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ የየመን ሱፍዮች ለሌሊት ዚክር እንዲነቁ ጠጡት፤ ኋላም ከሙኻ ወደብ ወደ ዓለም ሄደ። ይህን ታሪክ ስኒ ይዘን በኩራት እናወራዋለን። ዛፉ ላይ ስለሚሆነው ግን፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ብዙዎቻችን አናውቅም።

ችግኙ ከተተከለ በኋላ ፍሬ እስኪያሳይ 3 እና 4 ዓመት ይፈጃል። ከዋንዛና ከብርብራ ጥላ ሥር ያድጋል። ደረቁ ወቅት አልፎ ደህና ዝናብ ሲጥል፣ ሳምንት አሥር ቀን ገደማ ቆይቶ ማሳው በአንድ ጊዜ ነጭ ይሆናል። ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ያ አበባ ሁለት ሦስት ቀን ታይቶ ይረግፋል። ወጣቱ ብር የከፈለው ለዚህ ነው።

ከዚያ እስከ ቀዩ ፍሬ ከ7 እስከ 9 ወር አለ። ዝናቡ ካቋረጠ ብዙው አበባ ሳይቋጥር ይቀራል። የቋጠረውም ሁሉ አይደርስም፤ መሸከም ያቃተውን ዛፉ ራሱ ያራግፈዋል። በረዶ አለ፣ ጦጣ አለች። በ1971 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አገራችን ውስጥ የታየው የቡና ፍሬ በሽታም አረንጓዴውን ፍሬ ያጠቁረውና ያረግፈዋል፤ ዝናብና ቅዝቃዜ በበዛበት ቦታ ይብሳል። ደግሞ ቡና አንድ ዓመት አብዝቶ ከሰጠ በሚቀጥለው ያርፋል። ዋጋውስ? በሐምሌ 1975 (እ.ኤ.አ) ብራዚል ውስጥ ውርጭ የቡናውን ማሳ አቃጠለውና የዓለም ዋጋ ሰማይ ወጣ። የኛ ገበሬ የብራዚልን ውርጭ በምን ያውቃል? ገዢውስ?

ነቢያችን (ሶለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ፍሬ መብሰሉ ሳይታይ እንዳይሸጥ መከልከላቸው በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ሻጩንም ገዢውንም ነው የከለከሉት። በአነስ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ዘገባ ምልክቱ ምንድን ነው ሲባል መልሱ መቅላቱና ቢጫ መሆኑ ነው። አላህ ፍሬውን ቢከለክለው የወንድምህን ገንዘብ በምን ትወስደዋለህ የሚለው ጥያቄም አብሮ ተነግሯል። ነገሩ የተነገረው ስለ ቴምር ነው። ቡና ለቅሞ የሚያውቅ ሰው ግን «እስኪቀላ» የሚለውን ሲሰማ ማንም ሳይተረጉምለት ይገባዋል። መዝሀቦች ፍሬው ከወጣ በኋላ ባለው ዝርዝር ይለያያሉ፤ ገና አበባ ሳለ፣ እስኪደርስ ዛፉ ላይ ይቆይ ተብሎ የሚደረግ ሽያጭ ግን በአራቱም በር የለውም።

«ወዶ ነው የሸጠልኝ» አለን ወጣቱ። ልጁ ታሞበት በር የሚያንኳኳ ሰው ምን ያህል ወዶ እንደሚሸጥ እናንተው ፍረዱ።

ሌላም ጉዳት አለ። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ፍሬ እኩል አይቀላም፤ ባለቤቱ በየሳምንቱ ተመላልሶ የቀላውን ብቻ ይለቅማል። አበባ የገዛ ሰው ግን ዛፉ የሱ ስላልሆነ፣ ዋጋ ሳይወርድና ሌባ ሳይቀድመው ብሎ አረንጓዴውንም ቀዩንም በአንድ ላይ ይመጠምጠዋል። ቡና የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገው እንጨት ላይ ነው፤ በዚያ ሩጫ የሚሰበረው ለጋ ቅርንጫፍ የከርሞው አበባ ነበር። ከአረንጓዴ ጋር የደረቀው ጀንፈልም ጣዕሙ ይበላሻል። ከዚያ እኛው ከተማ ቁጭ ብለን «ቡናው ዘንድሮ ምን ነካው» እንላለን።

ገንዘባችሁን ገጠር አታውሉ አላልንም። ሸሪዓው በሩን ከፍቶታል። ሰለም የሚባለው ውል አለ፦ ገንዘቡ በሙሉ ዛሬ ይከፈላል፤ ዓይነቱ እሸት ነው ወይስ ጀንፈል፣ ስንት ፈረሱላ (አንዱ 17 ኪሎ ነው)፣ ቀኑ መቼ፣ ሁሉም ይታወቃል። ከዚህኛው ዛፍ ካልሆነ አይባልም፤ የሱ ቡና ቢረግፍ ከገበያ ገዝቶ ያስረክባል። እሱም ቢሆን ዋጋው የተቸገረን ሰው እጅ የሚጠመዝዝ ከሆነ ስሙ መለወጡ ብቻ ምን ይጠቅማል? ሁለተኛው ቀርድ ሐሰን ነው፤ ያበደሩትን ያህል ብቻ መቀበል። ሲደርስ ቡናውን መግዛት ብትፈልጉ በዕለቱ ዋጋ ግዙ፤ ብድሩን ግን «ለኔ ብቻ ትሸጣለህ» ከሚል ቃል ጋር አታስሩት።

ወጣቱ ደስ ብሎት አልሄደም። «ሁሉም እያደረገው እኮ ነው» አለ፣ ደግሞ «ብሩን በልቶታል፣ ከየት ያመጣል?» አለ። ልክ ነው፣ በልቶታል። ስለዚህ ውሉ ይቀራል፣ የሰጠው ብር ዕዳ ሆኖ ይቆያል፣ ገበሬው ቀዩን ለቅሞ በዕለቱ ዋጋ ሸጦ የወሰደውን ያህል ይመልስለታል። ይህን ፊት ለፊት ለመናገር ስለከበደው ቅዳሜ ከፈጅር በኋላ አብረነው እንሄዳለን፣ ኢንሻአላህ። ለቀማው ሊጀመር የቀሩት ሳምንታት ጥቂት ናቸው። እንደሱ የከፈላችሁ ካላችሁ ከመግሪብ በኋላ መስጂዱ ውስጥ አለን፤ መኪናው ላይ ቦታ አለ።