ወፍ ጠባቂና ወፍ አስጎብኚ

ማሽላ ባሸተ ጊዜ በማሳው መካከል ማማ ይሠራል። በማማው ላይም ወንጭፍ የያዘ ልጅ ከንጋት እስከ ምሽት ወፍ ሲጠብቅ ይውላል። ይህ ልጅ የትኛው ወፍ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ፣ ከየት በኩል እንደሚነሣና የት እንደሚያድር ጠንቅቆ ያውቃል። ሆኖም ይህን ዕውቀቱን እንደ ዕውቀት የሚቆጥርለት ሰው እምብዛም የለም። በእኔ አስተያየት በምሥራቅ ሱዳንና በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ወሰን የወፍ ጉብኝት ሊደራጅ የሚገባው በዚሁ ልጅ ዕውቀት ላይ ነው።

አካባቢው ለዚህ ተግባር የተመቸ ነው። በገዳሪፍ ግዛት ካለችው መንደር 8 ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የሰቲትንና የአትባራን ወንዞች ዳርቻ፣ ቀጥሎም ሰፊውን የማሽላና የሰሊጥ ሜዳ ነው። በመተማና በቋራ በኩል የሽመልና የዕጣን ዛፍ የሚበቅልበት ቆላ ይዘረጋል። ጉዞውን ወደ ላይ የቀጠለ እንደ ሆነ ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሸን ወደሚገኝበት ወደ ሰሜን ተራሮች ይደርሳል። በቆላው ረግረግ በራሱ ላይ ወርቃማ ጉንጉን የደፋው ባለረጅም እግር ወፍ፣ በደጋው ገደል ደግሞ አጥንት ከሰማይ ጥሎ ሰብሮ የሚበላው ባለጢም አሞራና ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ ይታያሉ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ እስከ ጎንደር ተጉዞ ብዙ ወፎችን ሰብስቧል፤ ዛሬም አንድ ጥንብ አንሣ በስሙ ይጠራል።

ገበሬው ግን፣ «ወፍ ጠላቴ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ግሪሳ የተባለው ትንሽ ወፍ በሚሊዮን እየተቆጠረ በማሳ ላይ ሲወርድ የዓመት ልፋት በጥቂት ቀናት ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትም ግሪሳ በሚያድርበት ሥፍራ በአውሮፕላን መድኃኒት ሲረጭ ኖሯል። ይሁን እንጂ ለዚሁ ሥራ የሚውለው ፌንትዮን የተባለው መርዝ ግሪሳን ከሌላው ለይቶ አይገድልም፤ የተመረዘውን ወፍ የበላ ጭልፊትም ሆነ ጉጉት ሊሞት ይችላል። በአንጻሩ በዝናብ መግቢያ ወደ ሱዳን መንደሮች መጥቶ የሚፈለፍለው ጥቁር ሽመላ መሰል ወፍ፣ የአብዲም ሽመላ የሚባለው፣ አንበጣ እየለቀመ ገበሬውን ይረዳል። እንግዲህ ጠላትን ከወዳጅ መለየት ያስፈልጋል፤ መለየትም አስተውሎ መመልከትን ይጠይቃል። የወፍ ጉብኝት ዋና ጥቅሙ ይህ ነው እንጂ ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ስለሆነም አስጎብኚው ከሩቅ ከተማ የሚመጣ ሳይሆን የአገሬው ሰው መሆን አለበት። ማማ ላይ ያደገ ወጣት አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ተሰጥቶት፣ የወፎቹን ስም በአማርኛና በዐረብኛ አጥንቶ ቢሠለጥን ከማንም የተሻለ መሪ ይሆናል። ሁለቱ አገሮችም በዚህ ሊተባበሩ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው የሱዳኑ ዲንደር ብሔራዊ ፓርክና እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመው የኢትዮጵያው አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ጎን ለጎን ናቸው። በመካከላቸው የሚበረው ወፍ የይለፍ ወረቀት አይጠይቅም።

በእርግጥ ያለ ሰላም ጉብኝት የለም። መንደር 8 እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የትግራይን ጦርነት ሸሽተው ድንበር የተሻገሩ ብዙ ሰዎችን ተቀብላለች፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ደግሞ በሱዳን ራሷ ጦርነት ተነሥቷል። መጠለያ ለሚፈልግ ሰው ስለ ጎብኚ ማውራት ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን የወፎችን ስም መመዝገብ፣ መምጫና መሄጃቸውን ከሽማግሌና ከእረኛ ጠይቆ መጻፍ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ የትምህርት ቤት ተማሪዎችም ሊጀምሩት ይችላሉ። ሰላም በሰፈነ ጊዜ መንገደኛው መሪ ይሻል። መሪ የሚገኘው ደግሞ ዕውቀቱ ከባለቤቶቹ ጋር ሳይጠፋ አስቀድሞ ከተሰበሰበ ብቻ ነው።