የከረንቡላ ቤት ልጆች





ቦውሊንግ የተባለውን ጨዋታ የሚመለከት ሰው፣ ከባዱ ኳስ ተንከባልሎ እንጨቶቹን ሲጥል ይደሰታል እንጂ የወደቁትን መልሶ የሚያቆማቸው ማን እንደሆነ አያስብም። በአሜሪካ አገር ይህ የልጆች ሥራ ነበር። ሉዊስ ሃይን የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት እንጨት ሲያቆሙ የሚያመሹትን ሕፃናት ሥዕል አንሥቶ ለሕዝብ አሳየ። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ እንጨቱን የሚያቆም መኪና ለገበያ ስለ ዋለ ልጆቹ ቀስ በቀስ ቀሩ። በአሥመራው አሮጌ የቦውሊንግ ቤት ግን እንጨቱ በሰው እጅ ሲቆም ብዙ ዘመን ኖሯል።

የእኛ የጅማው ደግሞ ከጣሊያኖች የወረስነው ከረንቡላ ነው። በጠረጴዛው መካከል አምስት ትናንሽ እንጨቶች ይቆማሉ፤ ኳስ ይጥላቸዋል፤ የሚያነሣቸው ልጅ ነው። ይኸው ልጅ ጨርቁን ይቦርሻል፣ ነጥቡን በሰሌዳ ይጽፋል፣ የጠረጴዛውን ሒሳብ ይሰበስባል፣ ሲጋራና ጫት ሲያዙት በዝናብ ይሮጣል። መብራት ሲጠፋም ሻማ ይዞ የሚቆመው እሱ ነው። ደመወዝ የለውም፤ የሚያድርበት ጉርሻ ነው፤ የተሸነፈ ተጫዋች ደግሞ ጉርሻ እንደማይሰጥ ሁላችንም እናውቃለን።

ነገሩ የሚብሰው ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና በሚለቀምበት ወራት ነው። በአጋሮና በሊሙ ገነት ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል፤ ጀንፈሉን የሸጠ ሁሉ ወደ ከተማ ይገባል፤ መጫወቻ ቤቱም ሌሊቱን ሙሉ አይዘጋም። ለለቀማ ከገጠር የመጣ ልጅም ለቀማው ሲያልቅ ወደ ቤቱ ከመመለስ ይልቅ በዚያው በጠረጴዛው ሥር ያድራል።

እኔም ከቢሮ ስወጣ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ሁለት ጨዋታ የምጫወት ሰው ነኝና የምወቅሰው ራሴንም ጨምሬ ነው። ባለፈው ኅዳር አንድ ሌሊት፣ አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ልጁ በቆመበት እንቅልፍ ወስዶት የአንዱን ነጥብ ለሌላው ጻፈ። ተጫዋቹ ተቆጥቶ በጥፊ መታው። ልጁ አላለቀሰም። ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ፈተና አለኝ፤ ስንት ሰዓት ትጨርሳላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ነው አልሁት። እስከ ሰባት ሰዓት ተጫወትን።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይፈቅድም። ባለቤቱን ብንጠይቀው ግን «እኔ አልቀጠርሁትም፤ ራሱ መጥቶ ነው የሚቆመው» ይላል። ሕጉም የሚያመልጠው በዚህች ቀዳዳ ነው። ነጥብ የሚጽፍና ሒሳብ የሚሰበስብ ልጅ ሠራተኛ ካልሆነ ማን ሠራተኛ ሊባል ነው?

ልጆቹን ከቤቱ ማባረር መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ የተባረረው ልጅ የሚሄደው ወደ በረንዳ ነው። ይልቁንም የከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎች ማታ ወጥተው ይመልከቱ፤ ቀን ሲመጡ ጠረጴዛው ባዶ ነውና ምንም አያዩም። ዕድሜው የደረሰው ልጅ በውል ደመወዝ ይቈረጥለት፣ ሰዓቱ ሲደርስም ይሰናበት። ትንሹን ልጅ ቀበሌውና ትምህርት ቤቱ ዘመዶቹን ፈልገው ያገናኙት።

ስለ እንጨቶቹ ደግሞ የአሜሪካው መኪና እንኳ አያስፈልገንም። እንጨቶቹ አምስት ናቸው፤ የጣላቸው ሰው ጎንበስ ብሎ ሊያነሣቸው ይችላል። ከዚያች ሌሊት ወዲህ እኔ ራሴ ማንሣት ብጀምር ጓደኞቼ ሳቁብኝ።

በሳምንቱ ፈተናው እንዴት እንደ ሆነለት ልጠይቀው ሄጄ ነበር። በሰሌዳው አጠገብ ከእሱ የሚያንስ ሌላ ልጅ ቆሞ አገኘሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከጅማ