የጀልዴሳው ሬዲዮ

የእኔ ሥራ ሰው አዲስ ዕቃ እንዲገዛ ማሳመን ነው። እንጀራዬም ከዚሁ ነው። ስለዚህ ጀልዴሳ የሚኖረው የእናቴ አጎት ሬዲዮው እንደተዘጋበት ሲነግረኝ መልሴ ዝግጁ ነበር፦ «ጋሼ፣ አታስብ፣ አዲስ እገዛልሃለሁ!» (ትልቅ ሰውን «አንተ» ማለታችን ያስደነገጣችሁ ካላችሁ፣ ድሬ ናችሁና ይለመዳል።)

«አዲሱን ለራስህ ግዛው» አለኝ። «እኔ የምፈልገው ይሄንኑ ነው።»

ጋሼ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ዓይኑ ስለደከመ ማንበብ ትቷል፤ ሬዲዮ ነው ጓደኛው። ያም ብቻ አይደለም። የጣቢያ ቁጥሮቹ በተጻፉበት ፕላስቲክ ላይ በመርፌ የተጫረች ትንሽ መስመር አለች። የጫረቻት ነፍሷን ይማርና ባለቤቱ ናት፤ የምትወደው ጣቢያ እንዳይጠፋባት። አዲስ ሬዲዮ ያቺን መስመር ከየት ያመጣታል?

ጀልዴሳ ራሷ ተተክታ የቀረች ከተማ ናት። ሲራራ ነጋዴዎች በግመል ከዘይላ ወደ ሐረር ሲጓዙ የሚያርፉባት፣ ቀረጥም የሚከፈልባት ስመ ጥር ኬላ ነበረች። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ገበያውም እንግዳውም አብሮ ወደ ድሬ ወረደ። ጋሼ «ያረጀ ሁሉ አይጣልም» ሲለኝ ስለ ሬዲዮው ብቻ እያወራ እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ሬዲዮውን ይዤ ድሬ ገባሁ። የመጀመሪያው ሠሪ ሳይከፍተው «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ መለሰልኝ። መጋላ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ግን ከፍተው፣ ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከእሳቸው የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ዓይን ይሥራ። የድንጋይ ማስቀመጫውን እዩ፤ ድንጋዩ ፈሶ ብረቱን አዝጎት ከሆነ ችግሩ ግማሽ በግማሽ እዚያ ነው። በደረቅ ጨርቅና በስስ ብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል። የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር ከተንኮሻኮሸ አብዛኛውን ጊዜ የቆሸሸ እንጂ የተሰበረ አይደለም፤ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ ይበቃዋል።

ቀጥሎ ተጠርጣሪው ካፓሲተር ነው፤ በተለይ ኤሌክትሮላይቲክ የሚባለው፣ እንደ ትንሽ ቆርቆሮ በርሜል ያለው። ውስጡ እርጥብ ነገር ስላለ በሙቀትና በዘመን ብዛት ይደርቃል። ያኔ ድምፁ ይደክማል፣ ወይም ሬዲዮው እንደ ሞተር ጀልባ «ቱግ ቱግ» ይላል። የጋሼ ሬዲዮ ሁለቱንም ነበረበት። ሸክላ መሳዮቹ ትንንሽ ካፓሲተሮች ግን እምብዛም አይበላሹምና በከንቱ አይነቀሉም። የቀለም ቀለበት ያላቸው ሬዚስተሮች በቴስተር ይለካሉ፤ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ከሆነ 1000 ኦም ማለት ነው። ሲያረጁ ቁጥራቸው ከፍ ይላል፤ በጣም የራቀው ብቻ ይቀየራል።

መተኪያ ስትፈልጉ ሁለት ቁጥር አንብቡ፦ ማይክሮፋራድና ቮልት። ማይክሮፋራዱ ከድሮው ጋር መቀራረብ አለበት። የጋሼ ሬዲዮ ላይ 64 የሚል ነበር፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው የተለመደ ቁጥር 68 ስለሆነ እሱን ተካንበት። ቮልቱ ደግሞ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን እንጂ ፈጽሞ አይነስ። ከተጣለ ቴሌቪዥን የተነቀለ ኤሌክትሮላይቲክ አትግዙ፤ እሱም አርጅቷል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሽማግሌው «ሳትነቅል በፊት ፎቶ አንሳ» ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ኔጌቲቭ ሁሌም ወደ ግራውንድ ነው» የሚል የዩቲዩብ እውቀት ይዤ፣ ፎቶ ሳላነሳ አሮጌውን ነቅዬ አዲሱን በየድኩ። ድንጋይ ስንከት ድምፅ የለም። ጣቴን ሳስጠጋ ካፓሲተሩ ሞቋል። ሽማግሌው ቶሎ ድንጋዩን አወጡት፤ ቢቆይ ኖሮ ሊፈነዳ ይችል ነበር። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ሬዲዮዎች ጀርማኒየም ትራንዚስተር ስላላቸው ከግራውንድ ጋር የሚገናኘው ፖዘቲቩ ነው። እኔ ገልብጬ ነበር የበየድኩት። «የዛሬን ልማድ የድሮ ዕቃ ላይ አትጫን» አሉኝና ሌላ አዲስ አቀበሉኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ሁሉ በድንጋይ ለሚሠራ ሬዲዮ ነው። መብራት ላይ የሚሰካ አሮጌ ሬዲዮ፣ በተለይ ደግሞ ባለትልቅ ቂጥ ቴሌቪዥን፣ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ውስጡ ሊቆይ ይችላል። እሱን ለባለሙያ ተዉ፤ ልጆችም አጠገቡ አይድረሱ።

አራት ካፓሲተርና አንድ ሬዚስተር ቀይረን ሬዲዮው ተናገረ። የዕቃው ዋጋ ከታክሲ ወጪዬ ያነሰ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ጀልዴሳ ወሰድኩለት። ጋሼ በጣቱ መስመሯን ዳብሶ አገኘና መርፌውን እዚያ አቆመ። ሹሹታ ብቻ ነው የተሰማው። ጣቢያው ዛሬ እዚያ የለም። ደነገጥኩ፤ ላስተካክልለት እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን እጄን ያዘኝና ትንሽ አዳመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ አዞረው፤ አንድ የሱማሊኛ ዘፈን ቤቱን ሞላው።

«እሷም እንዲህ ነበር የምታደርገው» አለኝ። «ከመስመሯ ትነሳና ትፈልጋለች።»

እናንተም ቤት ቁም ሳጥን ላይ አቧራ የጠጣ ሬዲዮ ካለ፣ ለመጣል ከመወሰናችሁ በፊት ክፈቱት። ባትከፍቱት እንኳ ዛሬውኑ ድንጋዩን አውጡለት።