«የማን ልጅ ነህ?» ሳይባል ጠመንጃ አይጨበጥም



ባለፈው ሰሞን በአሜሪካ አገር የሚኖረው የእኅቴ ልጅ በስልክ ጠየቀኝ። ይህ ልጅ ተወልዶ ያደገው በፍኖተ ሰላም ሲሆን፣ ዛሬ የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ በሚሸጥበት አንድ መደብር ተቀጥሮ ይሠራል። በመደብሩም ውስጥ ጠመንጃ ይሸጣል። ታዲያ የመደብሩ ደንብ፣ «ማንም ሰው፣ ሊገዛ ቀርቶ ሊያይም ቢፈልግ፣ መታወቂያውን ሳያሳይ ጠመንጃ በእጁ አይሰጠው» የሚል ነው። አንድ ቀን ፀጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ መጥተው አንዱን ጠመንጃ አሳየኝ ባሉት ጊዜ፣ ልጁ እንደ ደንቡ መታወቂያ ጠየቃቸው። ሽማግሌውም ተቈጥተው፣ «ላይ መጣሁ እንጂ ልሰርቅ አልመጣሁም!» ብለው ወጥተው ሄዱ።

«ጋሼ» አለኝ፤ «እኛ ያደግነው ታላቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫችን እየተነሣን ነው። አባት የሚሆኑኝን ሰው ማን እንደ ሆኑ አስረዱኝ ማለት ነውር አይሆንብኝም? እርስዎ ምን ይላሉ?»

ለእርሱ የሰጠሁትን መልስ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ። ነገሩ የአሜሪካ መደብር ነገር ብቻ አይደለምና፤ በጎጃም ገጠር ጠመንጃ በተሰቀለበት ቤት ሁሉ የሚገባ ጥያቄ ነው።

እኔ የተወለድሁት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። አባቴ በጠላት ዘመን የተዋጋበት አንድ ምንሽር ነበረው። ምንሽሩ ከቤቱ ምሰሶ ላይ፣ የልጅ እጅ ከማይደርስበት፣ ተሰቅሎ ይኖራል። ጥይቱ ግን ከዚያ አይገኝም። ጥይቱ በእናቴ ሣጥን ውስጥ ነው፤ የሣጥኑም ቁልፍ ከእናቴ መቀነት አይለይም። ስለዚህ ጠመንጃው በአባቴ፣ ጥይቱም በእናቴ ሥልጣን ሥር ነበር ማለት ነው። አባቴ ተቈጥቶ ጠመንጃውን ቢያወርድ እንኳ፣ ቁልፉን ለመጠየቅ ወደ እናቴ መሄድ ነበረበት። በዚያችም አጭር መንገድ ስንት ቍጣ እንደ በረደ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው።

እንግዳ መጥቶ፣ «ያን ጠመንጃ እስቲ አሳዩኝ» ያለ እንደ ሆነ፣ አባቴ ወዲያው አይነሣም። አስቀድሞ፣ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ? አጥቢያህስ ወዴት ነው? በዚህ አገር ማን ያውቅሃል?» ብሎ ይጠይቃል። እንግዳው አባቱን ጠርቶ፣ የሚያውቀውንም ሰው ጠቅሶ ሲያበቃ፣ አባቴ ጠመንጃውን ያወርዳል፤ አፈሙዙን ወደ ጣራ አድርጎ መዝጊያውን ይከፍታል፤ ጥይት አለመኖሩን በዐይኑም በጣቱም ካረጋገጠ በኋላ ይሰጠዋል። እንግዳው የሚያውቀው ሰው ያጣ እንደ ሆነ ግን፣ «ዛሬ እንጀራውን ብላ፤ ጠላውን ጠጣ፤ ጠመንጃውን ሌላ ቀን ታየዋለህ» ይለዋል። እንጀራ ለማንም ይሰጣል፤ ጠመንጃ ግን ለታወቀ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ጐልማሳ በዚህ ነገር ተቀየመ። አባቴም እንዲህ አለው፦ «ልጄ፣ የጠየቅሁህ ሌባ መስለኸኝ አይደለም። ነገ አንድ ነገር ቢሆን፣ የማንን ደጅ እንደማንኳኳ እንዳውቅ ነው።»

የዚህ ቃል ትርጕም የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በጐረቤት መንደር ሠርግ ነበር። አንድ ባለ ጠመንጃ ጥይት የጐረሰ ጠመንጃውን ከዳሱ ማገር ላይ ሰቅሎ ለመብላት ተቀመጠ። ከሙሽራው አጃቢዎች ጋራ የመጣ አንድ ወጣት ሊፎክር ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ ጠመንጃዎን ያውሱኝ» አለው። ሰውየውም የሠርግ ቀን ነውና እንቢ ማለት አፍሮ ሰጠው። ወጣቱ ጥይት መጕረሱን አላወቀም። በፉከራው መካከል ቃታውን ነካው፤ ጥይቱም ከዳሱ ጥግ ጠላ ትቀዳ የነበረችውን ሴት መታት። የአራት ልጆች እናት ነበረች፤ ሌሊቱን አላደረችም።

ወጣቱ በግርግሩ መካከል ጠፋ። ባለ ጠመንጃውም «ለማን ሰጠኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ስሙን አያውቅም፤ የአባቱን ስም አያውቅም፤ አገሩንም አያውቅም። የሟቿ ወገኖች፣ «አውቆ ይሸሽጋል» አሉ። የሙሽራው ወገኖች፣ «ከእኛ ጋራ አልመጣም» ብለው ካዱ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት ቤተ ዘመድ በአንድ ማኅበር አልጠጣም፤ በአንድ ለቅሶ አልተቀመጠም። ካህናትና ሽማግሎች ደክመው፣ ልጁም ተገኝቶ፣ ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ ብዙ ሰው በመንገድ ሲሄድ ኋላውን እየተመለከተ ነበር። ሴቲቱን የገደላት አንድ ጥይት ነው፤ ሦስቱን ቤት የለያየው ግን «የማን ልጅ ነህ?» ሳይባል የቀረው ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ለእኅቴ ልጅ፣ «የመደብርህ ደንብ የአያትህ ደንብ ነው» አልሁት። ልዩነቱ፣ አያቱ የሚጠይቀው የአባት ስምና ምስክር ሲሆን፣ መደብሩ የሚጠይቀው ወረቀት መሆኑ ነው። በትንሽ መንደር ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ስለሚተዋወቅ ምስክሩ ሰው ነው፤ በትልቅ ከተማ ግን ማንም ማንንም ስለማያውቅ ወረቀት ምስክር ይሆናል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ተረታችን ሲነገር እንደ ዘለፋ ይመስላል፤ በጠመንጃ ነገር ግን የወረቀት አለመልቀቅ ትልቅ ጥቅም አለው።

በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ሕግ፣ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ዕድሜው 18 ዓመት ላልሞላው ጠመንጃ፣ 21 ዓመት ላልሞላውም ሽጕጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ገዢውም ማንነቱን አስመስክሮ ቅጽ ይሞላል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ ደግሞ ነጋዴው ከመሸጡ በፊት የገዢውን ስም ለመንግሥት አስተላልፎ፣ መሣሪያ እንዳይዝ የተከለከለ ሰው አለመሆኑን ያጣራል። የሕጉ ጥያቄ የሚመጣው ሽያጭ ሲሆን ነው፤ የመደብሩ ደንብ ግን ከሕጉ ቀድሞ፣ ገና ሲነካ ይጠይቃል። ነገር ግን አጥሩ ቀዳዳ አለው። በአንድ ክፍለ ግዛት የሚኖሩ ሁለት ግለሰቦች እርስ በርሳቸው ሲሻሻጡ፣ የማዕከላዊው መንግሥት ሕግ ይህን ማጣራት አያስገድድም። አንዳንድ ክፍላተ ግዛት ብቻ በራሳቸው ሕግ ያስገድዳሉ።

የእኛም አገር ሕግ አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177፣ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዝ፣ እንዳይነግድና እንዳያዘዋውር ይከለክላል። ፈቃድ የሚሰጠው ማንነቱ ለታወቀ ሰው ነው፤ መሣሪያውም ይመዘገባል። ነገር ግን በገጠራችን ጠመንጃ የሚሸጠው በመደብር መስኮት አይደለም። ገበሬው በርበሬውንና በቆሎውን ሸጦ ባገኘው ገንዘብ፣ በደላላ አፍ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ይገዛል። ሻጩ ገዢውን አይጠይቅም፤ ገዢውም ጠመንጃው ከማን እጅ እንደ ወጣ፣ ደም ያለበት ይሁን አይሁን አይመረምርም። እንግዲህ የአሜሪካው አጥር ቀዳዳ ቢኖረው፣ የእኛው ገና ማገር አልተመታበትም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። የጎጃም ሰው ጠመንጃውን የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር፣ ታላላቆቹ መንግሥታት መሣሪያ እንዳይሸጥልን ከልክለው ነበር። ያን ጊዜ አገር የጠበቀው በየቤቱ የነበረው ጠመንጃ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው ወደ ጎጃም ሲገሠግሡ፣ በየካቲትም ወር የጠላት ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ ሲወጣ፣ አምስት ዓመት ሙሉ በዱር የተዋጋው አርበኛ ጠመንጃ የራሱ ነበረ።

ደግሞም በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ጎጃም ሸፍቶ ነበር። ከሕዝቡም አቤቱታ አንዱ የጠመንጃ ምዝገባ ነበር። ገበሬው ዛሬ የተመዘገበ ነገ ይወሰዳል ብሎ ሠጋ፤ ምዝገባው ለእርሱ ጥበቃ መስሎ አልታየውም። በመጨረሻ መንግሥት ገዢውን አንሥቶ ውዝፉን ግብር ማረ፤ መተማመኑ ግን በቀላሉ አልተመለሰም። ከዚህ የምንማረው፣ ጠያቂው ካልታመነ ጥያቄው እንደማይታመን ነው። አባቴ እንግዳውን «የማን ልጅ ነህ?» ሲለው፣ እንግዳው የአባቴን ስም አስቀድሞ ያውቅ ነበር። መንግሥትም ስም ሲመዘግብ፣ የመዝጋቢውም ስምና ኀላፊነት እንዲሁ ሊታወቅ ይገባል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ስንት ቤት እንደ ተዘጋ አንባቢ ያውቃል። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በፍኖተ ሰላም ከተማ ብዙ ሰላማዊ ሰው በአንድ ቀን ሞቷል። ይህ ዐምድ ማንንም ሊከስ አልተነሣም፤ የምንነጋገረው እያንዳንዳችን በቤታችን ልናደርገው ስለምንችለው ነገር ነው።

የሚከተለውን እለምናችኋለሁ። ጠመንጃና ጥይት በአንድ ስፍራ አይደሩ፤ የጥይቱም ቁልፍ በቤት እመቤቲቱ እጅ ይሁን። ለማታውቁት ሰው፣ ለሰከረ ሰው፣ ለተቈጣም ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ መሣሪያ አታውሱ። በሠርግ፣ በለቅሶና በጥምቀት በዓል አትተኵሱ፤ ወደ ሰማይ የተተኰሰ ጥይት ተመልሶ ይወርዳልና። በጠመንጃው ብረት ላይ የተቀረጸውን ቍጥር ጽፋችሁ ከክርስትና ወረቀታችሁ ጋራ አኑሩ፤ ቢሰረቅና ሌላ ሰው ቢገድልበት፣ ያ ቍጥር ከሐሰት ክስ ያድናችሁ ይሆናል። ከቤተ ሰቡም አንዱ ኀዘን የጸናበት፣ ተስፋም የቈረጠ እንደ ሆነ፣ ኀዘኑ እስኪያልፍ ድረስ ጠመንጃው ከቤት ወጥቶ በታመነ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። መታወቅ ብቻውን አይበቃም። ጌታ በተያዘባት ሌሊት ሰይፍ የመዘዘው ጴጥሮስ የማይታወቅ ሰው አልነበረም፤ የሐዋርያት አለቃ ነው። ነገር ግን ቍጣ በያዘው ሰዓት ሰይፉ የአንድ ባሪያ ጆሮ ቈረጠ፤ ጌታም ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው። እንግዲህ «ማን ነህ?» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ዛሬ ልብህ እንዴት አደረ?» የሚለው ነው። ሁለተኛውን መታወቂያ አይመልሰውም፤ የሚመልሰው ከሰውየው ጋራ የሚኖር ዘመድ፣ ጐረቤትና ካህን ነው።

ለእኅቴ ልጅ በመጨረሻ ያልሁት ይህን ነው፦ «ሽማግሌው ተመልሰው ቢመጡ ከመቀመጫህ ተነሥተህ ተቀበላቸው። ስምህን አስቀድመህ ንገራቸው። ከዚያ በኋላ መታወቂያቸውን በሁለት እጅህ ተቀበል። ክብር የሚጐድለው በመጠየቅ አይደለም፤ በአጠያየቅ ነው።»

ከሳምንት በኋላ ልጁ ደወለልኝ። ሽማግሌው ተመልሰው መጥተዋል። እርሱም እንደ ነገርሁት አደረገ። እርሳቸውም መታወቂያቸውን እየሰጡት፣ «ከወዴት አገር ነህ?» ብለው ጠየቁት። «ከፍኖተ ሰላም» አላቸው። ትርጕሙ ምን እንደ ሆነም ጠየቁት፤ «የሰላም መንገድ» ብሎ መለሰላቸው።