ኢንተርኔት ሳይኖርም የሚጫን ላይብረሪ

የኮምፒውተር ግራፊክስ ትምህርት የሚጀምር ተማሪ የመጀመሪያዋን ሦስት ማዕዘን በስክሪኑ ላይ ከመሣሉ በፊት የግራፊክስ ላይብረሪውን በኮምፒውተሩ ላይ መጫን ይኖርበታል። በኡቡንቱ ወይም በዴቢያን የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ አፕት የተሰኘውን የጥቅል አስተዳዳሪ በአንድ መስመር ትእዛዝ «ፍሪግለትን ጫን» ቢለው ሥራው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ይህ ግን ኢንተርኔት ሲኖር ነው። በወልዲያና በመርሳ ለሚማር ተማሪ «ሲኖር» የምትለው ቃል የትምህርቱ ወሳኝ መሆን የለባትም ብለን እናምናለን።

ውድ አንባብያን፣ በቅድሚያ የጥቅል አስተዳዳሪ የሚሠራውን እንመልከት። ፍሪግለት መስኮት ይከፍታል፣ ከቁልፍ ሰሌዳና ከማውስ የሚመጣውን ይቀበላል። ሥዕሉ የሚሣለው በኦፕንጂኤል ሲሆን፣ ኦፕንጂኤልን በሊኑክስ ላይ በተግባር የሚያውለው ደግሞ ሜሳ የተባለ ሌላ ላይብረሪ ነው። (ሜሳ ከሀብሩዋ መርሳ የሚለየው በጥቂቱ ቢሆንም ዝምድና የላቸውም።) ሜሳም በበኩሉ ሌሎችን ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ሰንሰለት በእጅ ለመከተል የሞከረ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። አፕት እ.ኤ.አ. በ1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር ከወጣ ወዲህ ሰንሰለቱን ራሱ እየተከተለ የጎደለውን ሁሉ ከማከማቻው ያመጣል።

ተማሪዎቻችን ደጋግመው የሚሰናከሉባት አንዲት ነጥብ አለች። በዴቢያን ዘንድ አንድ ላይብረሪ በሁለት ጥቅል ይከፈላል፤ አንዱ የተዘጋጀ ፕሮግራም ለማስኬድ፣ ሌላው አዲስ ፕሮግራም ለመጻፍ የሚያገለግል ነው። ሁለተኛው በስሙ መጨረሻ ላይ «ዴቭ» የሚል ቅጥያ አለው፤ ኮምፓይለሩ የሚፈልጋቸው ፋይሎች የሚገኙትም በእርሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ላይብረሪው ተጭኗል፣ ፕሮግራሙ ግን አልሠራ አለኝ» የሚል ተማሪ በመጀመሪያ «ዴቭ»ን መጫኑን ይመርምር። የላቦራቶሪው ኮምፒውተር አሮጌ ነው፣ የግራፊክስ ካርድ የለውም የሚለው ሰበብም ብዙ አያስኬድም፤ ካርድ በሌለበት ሜሳ በዋናው ፕሮሰሰር ይሥላል። ይዘገያል እንጂ ይሥላል።

እንግዲህ የቀረው የማከማቻው ጉዳይ ነው። ማከማቻው በሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ሲሆን ተማሪው ደግሞ በሰሜን ወሎ ነው። አካባቢው በጦርነቱ ሳቢያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከስልክም ከኤሌክትሪክም ተለይቶ ከርሟል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔትም በአብዛኛው ሥፍራ ለአንድ ዓመት ያህል አልተመለሰም። በእነዚያ ወራት «ጫን» የሚለው ትእዛዝ የሚሰጠው መልስ የስሕተት መልእክት ብቻ ነበር። ኢንተርኔት በሚሠራበት ጊዜም ቢሆን ስድሳ ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ኮምፓይለሩንና ላይብረሪውን እያንዳንዱ በየራሱ ቢያወርድ፣ ለአንዱ መቶ ሜጋባይት ብለን ብንገምት፣ አንዱ ዕቃ ስድሳ ጊዜ ተጉዞ 6 ጊጋባይት ይሆናል። ይህን ብክነት እንጂ ትምህርት ብለን ልንጠራው አንችልም።

የምናቀርበው ሐሳብ ማከማቻው ራሱ ወደ ግቢው ይምጣ የሚል ነው። አንድ የዴቢያን እትም ለአንድ ዓይነት ማሽን ብቻ ከተወሰደ በአንድ ቴራባይት ዲስክ ውስጥ ይገባል። ዲስኩ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ ወልዲያ ይደርሳል፤ ከዚያም የደሴን መንገድ ተከትሎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ መርሳ ነው። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ ስላለው፣ በእያንዳንዱ ግቢ ቅጂው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥና የሌሎቹ የምንጭ ዝርዝር ወደዚያ ቢመራ ይበቃል።

«በፍላሽ ከሚዞር ሶፍትዌር በምን ይለያል? ቫይረስ ቢኖርበትስ?» የሚል አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። ልዩነቱ በፊርማው ላይ ነው። ማከማቻው የእያንዳንዱን ጥቅል አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ በስሌት የተገኘ ረጅም ቁጥር፣ የያዘ ዝርዝር አለው። ዝርዝሩ ደግሞ በአዘጋጆቹ ዲጂታል ፊርማ የታሰረ ነው። አፕት ከመጫኑ በፊት ፊርማውንም አሻራውንም ያመሳክራል፤ በመንገድ ላይ አንዲት ፊደል የተለወጠችበትን ጥቅል አይቀበልም። ስለሆነም በአውቶቡስ የመጣው ዲስክ በሽቦ ከመጣው ያልተናነሰ እምነት ይጣልበታል።

ጥቅሙንም በአንድ ምሳሌ እናሳይ። የኢንዴቨር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 የምድርን ከፍታ በራዳር ለክታለች፤ መረጃውም ዛሬ ለማንም ክፍት ነው። ወልዲያ፣ ሲሪንቃና መርሳ ሦስቱም በአንድ ፋይል ውስጥ ይገኛሉ፤ ፋይሉ 3601 በ3601፣ ማለትም 13 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ሲኖሩት መጠኑ ከ26 ሜጋባይት አይበልጥም። ነጥቦቹን በሦስት ማዕዘን እያገናኘ በኦፕንጂኤል የሚሥል ተማሪ ከመርሳ ሜዳ በስተ ምዕራብ የሚነሣውን ተራራ በስክሪኑ ላይ እያዞረ ያየዋል፤ ጎርፍ በየት በኩል እንደሚወርድም ሊያሰላ ይችላል። ለግብርና ተማሪም ሆነ በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ለሚሠራ ባለሙያ ይህ የጨዋታ ነገር አይደለም።

አስቸጋሪው ዲስኩን መግዛት አይመስለን። ቅጂ ያረጃል፤ የደኅንነት እርማቶች በየጊዜው ይወጣሉ፤ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ የሚያድሰው ኃላፊነቱ በስሙ የተጻፈ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው በዝውውር ሲሄድ ሥራውን የሚረከብም እንዲሁ። ተማሪዎች በክበብ ተደራጅተው ቢይዙት እኛ እንመርጣለን፤ በአንድ መምህር ትከሻ ላይ የተጣለ ሰርቨር ብዙ ጊዜ ከመምህሩ ጋር ይሄዳልና።

ዝግጅቱ መሳካቱን ለመፈተን ብዙ አያስፈልግም። በመርሳ ግቢ ላቦራቶሪ የውጭውን መስመር ነቅሎ አዲስ በተጫነ ኮምፒውተር ላይ ፍሪግለትን ከነ«ዴቭ»ው ማስጫን፣ ቀጥሎም ሦስት ማዕዘኗን መሣል ነው።