መኪናው ከነመፍቻው ይምጣ

እኛ በንግድ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች ብዙውን ጊዜ የምንቆጥረው ወደ አገር የገባውንና ከአገር የወጣውን ዕቃ ነው። የገባው መኪና በተበላሸ ጊዜ ማን እንደሚያድሰው፣ በምንስ መሣሪያ እንደሚያድሰው አስቀድመን የምናስብ ግን ጥቂቶች ነን። ይህን ሐሳብ ለክቡራን አንባቢዎች እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ሟቹ አባቴ ትተውልን ያለፉት አንድ የእንጨት ሣጥን ነው።

አባቴ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንድ አነስተኛ ጋራዥ ነበራቸው። ሥራውን የሚሠሩት እርሳቸው፣ አጎቴና ሁለት ለማጆች ሲሆኑ፣ የገቢና የወጪውን ደብተር የሚይዙት እናቴ ነበሩ። እኔና ወንድሜም ከትምህርት ቤት ስንመለስ ብሎን በላምባ እያጠብን በየመጠኑ እንለይ ነበር። ሣጥኑ ዛሬም ጋራዡን በወረሰው በወንድሜ እጅ ይገኛል።

በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ክሪክ፣ በጠረጴዛው ላይ የታሰረው ሞርሳም ጭምር፣ ስማቸው ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ነው። አባቴም ሙያውን የተማሩት በአንድ ኢጣልያዊ ጋራዥ በለማጅነት ተቀጥረው ነው። መፍቻዎቹ በሁለት ጨርቅ ተጠቅልለው ለየብቻ ይቀመጡ ነበር። አንደኛው ጥቅል በሚሊሜትር የተለካ ሲሆን ለፊያትና ለቮልስዋገን ያገለግላል፤ ሁለተኛው በኢንች የተለካ ሲሆን ለቤድፎርድና ለላንድሮቨር ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፣ የ13 ቁጥር መፍቻ የግማሽ ኢንቹን ብሎን የሚፈታ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥቂት ስለሚሰፋ የብሎኑን ማዕዘን ይበላዋል፤ ከዚያ ወዲያ ብሎኑ በመሮ ተመትቶ ካልሆነ በቀር አይወጣም። አባቴ አንድ ለማጅ ይህን ሲያደርግ ባዩ ጊዜ፣ «መፍቻ ከማጣት ይልቅ መፍቻ የሚመስል ነገር ይብሳል» ይሉ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው አንድ ረጅም ካቻቢቴ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ አባቴ ጫፉን በሞተሩ አካል ላይ አሳርፈው እጀታውን በጆሯቸው ላይ ያደርጉና፣ የሚንኳኳው ኩሽኔታ ይሁን ቫልቭ ለይተው ይናገሩ ነበር። ይህም ያለ ምክንያት ሞተር ከመፍታት ስለሚያድን፣ ደምበኛው ገንዘቡንም ጊዜውንም ይቆጥብ ነበር።

በዚያን ጊዜ የሆነውን አንድ ነገር ልናገር። ቡና ወደ ውጭ የሚልኩ አንድ ነጋዴ ካሚዮናቸው ወደ ምድር ባቡር ጣቢያ ጭነት ይዞ ሲሄድ የውኃ ፓምፑ ዘንግ ተሰበረ። ቡናው ጂቡቲ ላይ መርከብ ይጠብቀዋል። ካሚዮኑን የሸጠላቸው አስመጪ ቢጠየቅ፣ መለዋወጫው ከሚቀጥለው ጭነት ጋር እንደሚመጣ ነገራቸው። አባቴና አጎቴ ሌሊቱን በቶርኖና በሞረድ ሲሠሩ አድረው፣ በማግሥቱ ማታ ዘንጉን ገጠሙት፤ ቡናውም ደረሰ። ነጋዴው እስከ ዕለተ ሞታቸው ሌላ ጋራዥ አልሄዱም። እኔ ግን ዛሬ ሳስበው፣ የአባቴ ጥበብ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ የሸፈነው የአስመጪውን ጉድለት እንደ ነበረ ይታየኛል። ያ ሰው የሸጠው ግማሽ ካሚዮን ነበር፤ ሌላውን ግማሽ በሌሊት የሠሩት አባቴ ናቸው።

ይህን አሮጌ ታሪክ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እንደሚታወቀው መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከልክሏል፤ በምትካቸውም የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በመንገዳችን ላይ በዝተዋል። ባለፈው ዓመት አንድ የቆየ ደምበኛችን፣ ባለሱቅ ናቸው፣ አዲሱን የኤሌክትሪክ አውቶሞቢላቸውን አስጎትተው ወደ ወንድሜ ጋራዥ አመጡ። ወንድሜ ኮፈኑን ከፈተና ብርቱካናማውን የኤሌክትሪክ ገመድ አይቶ እጁን ሰበሰበ። አባቴ የለመዱት ባትሪ 6 ወይም 12 ቮልት ነበር፤ የእነዚህ ግን በብዙዎቹ ዘንድ ወደ 400 ቮልት ስለሚደርስ ሰው ይገድላል። ለዚህ ሥራ እስከ 1000 ቮልት የሚከላከል መፍቻና የጎማ ጓንት፣ ብልሽቱን የሚያነብ ኮምፕዩተርና የተማረ እጅ ያስፈልጋል። ወንድሜ ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም። የሸጣቸውም ሰው መኪና እንጂ መሣሪያ እንደማይሸጥ ነገራቸው። በቤታችን ታሪክ ደምበኛን ያለ መፍትሔ ስንመልስ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አንዳንዶች፣ የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላም ዘይት ማጣሪያም ስለሌለው ብልሽቱ ጥቂት ነው ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪና ኩሽኔታ አለው፤ በእነዚህ ረገድ የአባቴ ሣጥን ገና አላረጀም። የጎደለው ሁለተኛው ሣጥን ነው። አስመጪዎች ደግሞ በበኩላቸው የውጭ ምንዛሪ ስለሚያጥር ለመሣሪያ የሚተርፍ የለም ይላሉ። ለዚህ የምመልሰው አጭር ነው፤ መለዋወጫና ባለሙያ አጥቶ በግቢ የቆመ መኪና ራሱ የታሰረ የውጭ ምንዛሪ ነው። ከአሥር መኪና አንዱን ቀንሶ ለዘጠኙ መሣሪያ ማምጣት፣ አሥሩንም አምጥቶ ሦስቱን ከማስቆም ይሻላል።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳስባለሁ። አስመጪዎች መኪናውን ሲያስመጡ መሣሪያውን፣ መለዋወጫውንና የጥገናውን መጽሐፍ አብረው ያስመጡ፤ ከየጋራዡም ሠራተኞችን ጠርተው ያሠልጥኑ። የሶማሌ ተራ ባለሱቆች መከላከያ ጓንቱንና ልዩ መፍቻውን በመደርደሪያቸው ላይ ያኑሩ፤ ነገር ግን የሚመስለውን ሳይሆን ትክክለኛውን ይሽጡ፤ ቀድሞ የሚበላሸው ብሎን ነበር፤ አሁን የሚጠፋው የሰው ነፍስ ነውና። ላኪዎችና ሌሎችም ገዢዎች ከመፈረማቸው በፊት የጥገና ግዴታውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ትንንሽ ጋራዦችም እያንዳንዳቸው መግዛት የማይችሉትን የኮምፕዩተር መሣሪያ ገንዘብ አዋጥተው በጋራ ይግዙ፤ የንግድ ምክር ቤታችንም አስመጪውንና ባለጋራዡን በአንድ ጠረጴዛ ቢያገናኝ ተገቢ ሥራው ነው።

ወንድሜ የአባታችንን ሣጥን ለመሸጥ አላሰበም። ነገር ግን ልጁ ሙያውን ይቀጥል እንደ ሆነ ስጠይቀው፣ «በምን መሣሪያ?» ሲል መለሰልኝ። ይህ ጥያቄ የአንድ ቤተሰብ ብቻ ስላልሆነ፣ መልሱን ከእናንተ ከክቡራን ነጋዴዎች እጠብቃለሁ።