የአምባሰል ቅኝትና የተለገሰ ንድፍ

ከሐይቅ ከተማ በስተ ሰሜን የሚገኘው የአምባሰል አገር ስሙን ከአራቱ ቅኝቶቻችን ለአንዱ ሰጥቷል። ቅኝቱ የሕዝብ ነውና ማንም ቢጫወትበት ጠያቂ የለበትም፤ በቅኝቱ የተደረሰው አዲስ ዜማ ግን የደራሲው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410ም የሚጠብቀው ሐሳብንና ዘዴን ሳይሆን ሥራን ነው፤ ጥበቃውም ያለ ምዝገባ፣ ሥራው እንደ ተፈጠረ ይጀምራል።

እንግዲህ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ንድፎችን አጠራቅመው «ማንም ይሥራበት» ብለው የሚያድሉ ወጣቶቻችን ይህን ያስቡ። ፈቃዱ በጽሑፍ ካልተያያዘ ተቀባዩ የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም። ሰርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ተቋም በ2003 ዓ.ም. ለዚሁ ጉዳይ የሚሆን የፈቃድ ጽሑፍ አውጥቷል። ከስብስቡ አንዲቱን ክፍል ወስዶ አዲስ መሣሪያ ለሠራ ሰውም፣ መሣሪያው እንደ ዜማው የራሱ መሆኑ አብሮ ይጻፍለት። የለገሰ ሰው ልግስናውን በጽሑፍ ያጽና!